የችግኝ ላስቲክ ላይ የሚበቅለውን ሊቨርወርት ልፋቀው ወይስ ልተወው?

ችግኝ ሻጭ (ቡራዩ)፦
ሰላም ቤተሰብ። አስፋልት ዳር ችግኝ እሸጣለሁ። ክረምት ሲገባ ጥላ ሥር ያሉት ላስቲኮች አፈራቸው አረንጓዴ ይለብሳል። ሞስ አይደለም። ጠፍጣፋ ነው፣ አፈሩ ላይ ተለጥፎ መንታ መንታ እየሆነ ይሰፋል። ላዩ ላይ ትንንሽ ስኒ አለው፤ ውስጡ አረንጓዴ ፍሬ መሳይ ነገር ሞልቷል። በማንኪያ እየፋቅኩ እጥለዋለሁ፤ ካልፋቅኩት ደንበኛ «አፈሩ ሻግቷል» ብሎ ዋጋ ይሰብርብኛል። አሁን የእህቴ ልጅ «ሊቨርወርት ነው፣ ሊጠፋ የደረሰ ዝርያ አለው» አለችኝ። ምን ይሻላል? እንጀራዬም ነው።

ጓሮ አትክልት፦
ፋቀው ባክህ። ውሃ ታበዛለህ ማለት ነው። ላዩ ላይ ደቃቅ ጠጠር በትን፣ ጠዋት ብቻ አጠጣ።

ጡረተኛ የባዮሎጂ መምህር፦
ወንድሜ፣ ስኒው ክብ ከሆነ ማርካንቲያ የሚባለው የሊቨርወርት ዓይነት ይመስለኛል። ግማሽ ጨረቃ ከሆነ ሉኑላሪያ ነው። ሁለቱም ችግኝ ጣቢያ የሚወዱ፣ በየአገሩ የሞሉ ናቸው። ፍሬ ያልከው ከራሱ ከተክሉ የተቆረሰ ነው። ጠብታ ሲመታው ይፈናጠርና የወደቀበት ይበቅላል። ውሃ ባጠጣህ ቁጥር አንተው ነህ የምትዘራው! ፋቀው፣ ኃጢአት የለበትም።

የሚያሰጋው ሌላ ነው። ኢኳዶር ውስጥ ኮሉራ ኢሮራታ የሚባል ሊቨርወርት አለ። እንግሊዛዊው የዕፅዋት አጥኚ ሪቻርድ ስፕሩስ በ1857 እ.ኤ.አ. ቶፖ ወንዝ ዳር አገኘው። ከዚያ የበላው ጅብ አልጮህ አለ፤ እንደገና የታየው በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። የሚኖረው ወንዙ ሲሞላ የሚያጥባቸው ቁጥቋጦዎች ላይ ነው። ወንዙ ላይ የመብራት ኃይል ግድብ ሲታቀድ አጥኚዎቹ የተጨነቁት ለዚህ ነው። ሊቨርወርት እውነተኛ ሥር የለውም፣ ውሃ የሚጠጣው በገላው ነው። የወንዴው ዘር እንኳ ሴቴው ጋ የሚደርሰው ውሃ ውስጥ ዋኝቶ ነው። እርጥበቱና ጥላው ከሄዱ፣ ነቅለህ ማሰሮ ውስጥ ብታኖረው ብዙም አይፈይድም።

ስለዚህ የላስቲኩን ነገር ተወውና፣ የዱር ሊቨርወርት እንዳለበት ከኋላህ ያለውን ሸለቆ እይልኝ። ባሕር ዛፍ ያልዋጠው፣ ጥድና ወይራ የቀረበት ምንጭ አለ?

ችግኝ ሻጭ (ቡራዩ)፦
አለ ጋሼ። ግን በሞተር ውሃ እየሳቡ ጎመን ያጠጡበታል። በጋ ላይ ድንጋዩ ሁሉ ይደርቃል።

ጡረተኛ የባዮሎጂ መምህር፦
ሞተሩ የቆመው የት ነው? ከታች ኩሬው ላይ ከሆነ ግድ የለም። ምንጩ አፍ ላይ ከሆነ ግን ገበሬዎቹን በደግ ቃል አናግራቸው፣ ቱቦውን ትንሽ ዝቅ ቢያደርጉት ጎመኑ አይጎዳም። አንተም ድንጋዩን አትፋቅ። ድንጋዩ ላይ ሊቨርወርት ካገኘህ የጥፍር ታህል ቁራጭ ብቻ ወስደህ በወረቀት ፖስታ አድርግ። ፌስታል ያሻግተዋል። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ድንጋይ ይሁን ግንድ የበቀለበትን ጻፍበት። 4 ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና የሚቀመጥበት) አለ፣ እዚያ አሳያቸው። ፎቶውን ለእኔም ላክልኝ፣ ስኒው በቅርብ ይታይ።