ለዓሣ ማስገር የሚዘጋ የኮራል ሪፍ ምርጫ፦ ጤነኛው ይቅደም ወይስ የተጎዳው?

ጨዋማው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለመመረቂያ ሥራዬ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን ያሉ ሪፎችን (ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሠሯቸውን የባሕር ውስጥ አለቶች) ይዤ ለማስገር ቢዘጉ የሚሻሉትን እየመረጥኩ ነው። ሁለት ነገር አልጠራልኝም። የሚከለለው ያልተነካው ሪፍ ነው ወይስ እንዲያገግም የተጎዳው? ስፋቱስ? አንዱ ጽሑፍ ግማሽ ኪሎ ሜትር ይበቃል ሲል ሌላው 20 ይላል።

ጥልቁ፦
ከስፋቱ ልጀምር። ቁጥሩን የሚወስነው የምትጠብቀው ዓሣ ነው፤ ክልሉ ዓሣው ከሚመላለስበት ርቀት ቢያንስ እጥፍ ይሁን። ብዙዎቹ ፓሮትፊሾች (ሪፍ ላይ የሚኖሩ ዓሦች) ከግማሽ ኪሎ ሜትር አይርቁም፣ 1 ኪሎ ሜትር ይበቃቸዋል። ሻርክ ካሰብክ በአሥር ኪሎ ሜትሮች ቁጠር። አውስትራሊያ የታላቁን ባሪየር ሪፍ ካርታ እ.ኤ.አ. በ2004 ስትከልስ፣ በተቻለ መጠን የዝግ ክልል ጠባቡ ወርድ 20 ኪሎ ሜትር ይሁን የሚል መመሪያ ይዛ ነበር፤ ያነበብከው 20 ምናልባት ከዚያ የመጣ ነው። በክልሎች መካከል ያለው ርቀት ከ15 ኪሎ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፣ የብዙ ሪፍ ዓሦች እጭ የሚሰፍረው ከዚያ ወዲህ ነውና።

ሰው የሚዘነጋው ድንበሩ የሚያልፍበትን ነው። ሪፉን መሐል ለመሐል ከቆረጠው ዓሣው እንደልቡ ይሻገራል፣ ወጥቶም ይያዛል። አሸዋ ወይም ጥልቅ ውኃ ላይ ካረፈ ግን አብዛኛው ዓሣ ባዶውን ሜዳ አይደፍርም። ዓሣው እንዲጠራቀም ከፈለግክ ሁለተኛውን፣ ለጎረቤት አስጋሪ ቶሎ እንዲተርፍ ከፈለግክ የመጀመሪያውን ምረጥ። በጥልቀት መስመር ግን አትከልል፤ ጀልባ ላይ ያለ ሰው ጥልቀት አይታየውም። ቀጥ ያለ መስመር፣ በጂፒኤስ ነጥብ ወይም ከባሕር ዳር በሚታይ ምልክት።

ማዕበል፦
ጤነኛው ይቅደም። የተጎዳውን የምትከልለው የጎዳው መረብና መንጠቆ መሆኑን ካረጋገጥክ ብቻ ነው። ደለል፣ ፍሳሽ ወይም የወደብ ቁፋሮ ከሆነ ማስገር ማስቆምህ ምንም አይፈይድም፤ አስጋሪውን አስቀይመህ ትቀራለህ።

ሙቀቱንም አስላ። ውኃው ከዓመቱ እጅግ ሞቃት ወር አማካይ በ1 ዲግሪ ልቆ 4 ሳምንት ከቆየ ኮራሉ መንጣት (ቀለሙን አጥቶ መዳከም) ይጀምራል፤ 8 ሳምንት ከዘለቀ ወይም 2 ዲግሪ ሆኖ 4 ሳምንት ከቆየ ብዙው ሊሞት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በባሪየር ሪፍ ክፉኛ የተመታው ሰው እምብዛም የማይደርስበት ሰሜናዊው ክፍል ነበር፣ የማስገር ክልከላውም አላዳነውም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዓይነት ሪፍ ቢያንስ 3 ቦታ ያዝ፣ ተራርቀው።

ቡይ ጠባቂ፦
ካርታ ማስመሩ እኮ ቀላሉ ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ የሱሚሎን ደሴት ክልል እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ተጠብቆ ቆይቶ በ1984 ጥበቃው ሲፈርስ፣ በሁለት ዓመት ገደማ የአስጋሪዎቹ ምርት ወደ ግማሽ ወረደ። አፖ ደሴት በ1982 የዘጋችው የሪፏን አንድ አሥረኛ ገደማ ነው፤ ነዋሪው ራሱ ስለሚጠብቀው ዘልቋል።

መልህቅ ከልክለህ ማሰሪያ ቡይ (ጀልባ የሚታሰርበት ተንሳፋፊ) ካላስቀመጥክ ጠላቂ የሚያመላልሱ ጀልባዎች ሕጉን አይሰሙህም። ድንጋያማ ወለል ላይ ቀዳዳ ተቦርቡሮ በሲሚንቶ የሚተከል የማይዝግ ብረት፣ አሸዋ ላይ ደግሞ እየተጠማዘዘ የሚገባ ብሎን መሳይ መልህቅ ተጠቀም። የሲሚንቶ ብሎክና ሰንሰለት ርካሽ ነው፤ ሰንሰለቱ ግን በማዕበል ሲዞር ዙሪያውን ያለውን ኮራል ይፈጨዋል። ገመዱ መሐል ላይ ትንሽ ተንሳፋፊ እሰርበት፣ ሲላላ ወለሉን እንዳይጠርግ።

የእሾህ አክሊል የሚባለው ኮራል በሊታ ኮከብ ዓሣ በሄክታር ከ15 ካለፈ ወረርሽኝ ነው። አትቆራርጠው፣ ቁራጩ መልሶ ሊያድግ ይችላል። ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሊትር ተራ አቼቶ በመርፌ ከወጋኸው በ2 ቀን ይሞታል። መርዛም እሾህ ስላለው በባዶ እጅ አይነካም።

ጨዋማው፦
አመሰግናለሁ፣ በተለይ ስለ ድንበሩ። ከፖርት ሱዳን ወጣ ብሎ ያለው የሳንጋኔብ ሪፍ ቀድሞውንም ፓርክ ነው፣ በጥልቅ ውኃ የተከበበ አቶል (ቀለበት መሰል ሪፍ) ስለሆነም ዓሣው እንደሚቆይለት ገባኝ። በሌሎቹ ላይ ለውጡን በምን ልለካ?

ጥልቁ፦
ከመዘጋቱ በፊት ጀምር፣ ከውስጥም ከውጭም። 20 ሜትር መስመር 4 ጊዜ ዘርጋ፣ በየመሐሉ 5 ሜትር ክፍተት ተው። ዓሣውን በ5 ሜትር ወርድ ቁጠር፤ ወለሉ ላይ ያለውን (ኮራል፣ አሸዋ ወይም ድንጋይ) በየ50 ሳንቲ ሜትር መዝግብ፣ 160 ነጥብ ይወጣሃል። የዓሣውን ርዝመትም ጻፍ፣ ብዙ ጊዜ ከብዛቱ ቀድሞ የሚለወጠው እሱ ነው። የውጪው ልኬት ከሌለህ ሙቀት ያመጣውን ለውጥ ክልሉ ካመጣው መለየት አትችልም።