ወደ ግል ክላውዳችን የዘረጋነው ቪፒኤን «ተገናኝቷል» ይላል፤ ሪፖርት ግን አይከፍትም

ጥያቄ፦ የሌሊት ተረኛ
ጤና ይስጥልኝ። ጉዳዩ አስቸኳይ ስለሆነ በቀጥታ እገባለሁ። ቅዳሜና እሑድ የሒሳብ ሥርዓታችንን ከራሳችን የሰርቨር ክፍል አውጥተን ወደ ድርጅቱ የግል ክላውድ አዛወርነው። በሁለቱ መካከል በኢንተርኔት ላይ የአይፒሴክ ቪፒኤን (መረጃውን እያመሰጠረ የሚያሳልፍ የግል መተላለፊያ) ዘርግተናል፤ በሁለቱም ወገን ያሉት ፋየርዎሎች (ትራፊኩን የሚያጣሩት መሣሪያዎች) ተገናኝቷል ይላሉ፣ ፒንግም (መድረስ አለመድረሱን የሚሞክር አጭር መልእክት) ይመልሳል። የመግቢያው ገጽ ይከፈትና የይለፍ ቃል ይቀበላል፤ ሪፖርት ሲጠየቅ ግን ገጹ ነጭ እንደሆነ ይቆይና ይቋረጣል። ነገ ጠዋት የደመወዝ መዝገብ ይዘጋል። አለቃዬ «ጥፋቱ በኢንተርኔት መገናኘታችን ነው፤ የራሳችንን መስመር እንከራይ» ይላሉ። የትኛው የግንኙነት ዓይነት ይሻለናል? እስከዚያስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የመስመር ሰው
የግንኙነቱን ዓይነት ከመምረጥዎ በፊት እያንዳንዱ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደማይሰጥ ማወቅ ይገባል። በኢንተርኔት ላይ የሚዘረጋ አይፒሴክ በአንድ ቀን ይተከላል፣ መረጃውንም ያመሰጥራል፤ ነገር ግን በመካከል ያለው መንገድ የእርስዎ ስላልሆነ መዘግየቱ ከሰዓት ሰዓት ይለያያል። የኪራይ መስመር የተረጋጋ ነው፤ ሆኖም ገመዱ እስኪደርስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ኤምፒኤልኤስ (አገልግሎት ሰጪው በራሱ መረብ ላይ የሚሰጠው የግል ግንኙነት) ደግሞ ብዙ ቅርንጫፍ ላለው ድርጅት ይመቻል። ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ አለ፦ ኤምፒኤልኤስ የእርስዎን ትራፊክ ከሌሎች ደንበኞች ይለያል እንጂ በራሱ አያመሰጥርም፤ የኪራይ መስመርም እንዲሁ ነው። ምስጢራዊነት የሚያስፈልግ ከሆነ በላዩ ላይ አይፒሴክ ወይም ማክሴክ (በኢተርኔት ደረጃ የሚያመሰጥር) መጨመር ግድ ነው። ኤስዲ-ዋን የተባለው እነዚህን መንገዶች አንድ ላይ ይዞ እንደየሁኔታው ትራፊኩን ያከፋፍላል እንጂ ራሱ መስመር አይደለም።

መልስ፦ ገመድ ዘርጊ
የቪፒኤኑን ግንኙነት ከሁለቱም ወገን አጥፍታችሁ እንደገና አስነሡት። የእኛ እንዲህ ሲያስቸግር የሚፈታው በዚህ ነው።

የሌሊት ተረኛ
ሁለት ጊዜ አስነሥቼዋለሁ። ምንም ለውጥ የለም።

መልስ፦ ፓኬት ቆጣሪ
ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጥያቄው ራሱ የቆመበት መሠረት ልክ አይመስለኝም። መስመሩ ደካማ ቢሆን ኖሮ የመግቢያው ገጽም ይንቀረፈፍ፣ ፒንጉም ይቆራረጥ ነበር። ትንሹ እያለፈ ትልቁ የሚቀር ከሆነ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የፓኬት (መረጃው ተከፋፍሎ የሚላክበት ቁራጭ) መጠን ነው። የኢተርኔት ኤምቲዩ (በአንዴ የሚያልፈው ትልቁ ፓኬት) ብዙውን ጊዜ 1500 ባይት ነው። አይፒሴክ በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ የራሱን ሽፋን ስለሚጨምር በውስጡ የሚያልፈው ከዚያ ያንሳል። ሰርቨሩ ሙሉ 1500 ባይት ይልካል፣ «አትከፋፍሉት» የሚል ምልክትም አለበት፤ በመንገድ ላይ ያለው መሣሪያ ፓኬቱን ይጥልና «በዛ፣ አሳንስ» የሚል የአይሲኤምፒ (የመረብ መሣሪያዎች ችግር የሚያሳውቁበት፣ ፒንግም የሚጠቀምበት ደንብ) መልእክት ይመልሳል። አንዱ ፋየርዎል አይሲኤምፒን ካገደ ግን መልእክቱ ለሰርቨሩ አይደርስም፤ ሰርቨሩም ያንኑ ፓኬት ደጋግሞ ይልካል። እርስዎ ያዩት ነጭ ገጽ የዚህ ውጤት ይመስለኛል።

አሁኑኑ ይሞክሩት። ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሰርቨሩ መከፋፈልን በሚከለክል ምልክት በ1472 ባይት ፒንግ ያድርጉ፤ 28 ባይት ራስጌ ሲጨመርበት 1500 ይሆናል። ካላለፈ እስኪያልፍ ድረስ በአሥር በአሥር እየቀነሱ ይውረዱና ያለፈውን ቁጥር ይጻፉልን።

መልስ፦ አዲስ ገቢ
ዩዲፒ 500 እና 4500 (አይፒሴክ የሚጠቀምባቸው የመግቢያ በሮች) በፋየርዎሉ ላይ መከፈታቸውን አይታችኋል? ካልሆነም ገመድ ዘርጊ እንዳሉት አጥፍቶ ማስነሣት ነው።

ፓኬት ቆጣሪ
ወንድሜ፣ እነዚያ ቢዘጉ ኖሮ ግንኙነቱ ራሱ ባልተመሠረተ ነበር፤ ፒንጉም ባልመለሰ።

የሌሊት ተረኛ
1472 አላለፈም። 1402 አላለፈም። 1392 አለፈ! በመደበኛው ፒንግ እያለፈ ስለነበር ይህን ለመሞከር ፈጽሞ አላሰብኩም። አሁን ምን ልቀይር?

ፓኬት ቆጣሪ
1392 ላይ 28 ቢጨመር 1420 ነው። ከዚያ 40 ባይት የአይፒና የቲሲፒ (ድረ-ገጾችን የመሰለ መረጃ የሚላክበት ደንብ) ራስጌ ሲቀነስ 1380 ይቀራል፤ ኤምኤስኤሱ (በአንድ ፓኬት የሚጫነው ትልቁ የቲሲፒ መረጃ) ከዚህ መብለጥ የለበትም። ትንሽ ትርፍ ቦታ ለመተው በቪፒኤኑ በይነገጽ ላይ 1350 አድርገው ያስሩት። ከተቻለ በሁለቱም ወገን ይደረግ፤ ምክንያቱም አንዳንድ መሣሪያ ወደ ውጭ የሚሄደውን ብቻ ነው የሚያስተካክለው። ኤምኤስኤስ የሚነገረው ግንኙነቱ ሲጀመር በሚላኩት የመጀመሪያ ፓኬቶች ላይ ስለሆነ ቀድሞ የተከፈተ ግንኙነት በአሮጌው ቁጥር ይቀጥላል፤ ስለዚህ ከለውጡ በኋላ ተጠቃሚዎች ወጥተው እንደገና ይግቡ። ይህ የሚረዳው ቲሲፒን ብቻ ነው። ለሌላው ትራፊክ «በዛ፣ አሳንስ» የሚለውን መልእክት፣ ማለትም አይሲኤምፒ ዓይነት 3 ኮድ 4ን፣ በፋየርዎሎቹ ላይ ማሳለፍ ያስፈልጋል። አይሲኤምፒን በጅምላ መዝጋት ደኅንነት ነው ብለው የሚያስተምሩ አሉ፤ እኔ ብዙ ሌሊት ያባከንኩት በዚሁ ምክንያት ነው።

መልስ፦ የመስመር ሰው
የተባለው ትክክል ነው። ነገር ግን የአለቃውን ሐሳብ ጨርሶ አትጣሉት። ደመወዝ የሚከፈልበት ሥርዓት በአንድ ኢንተርኔት ላይ ብቻ መንጠልጠል የለበትም። የኪራይ መስመር ሲመጣ ዋናው እሱ ይሁንና ቪፒኤኑ ለመጠባበቂያ ይቆይ፤ ቢጂፒ (ራውተሮች መንገድ የሚለዋወጡበት ደንብ) በሁለቱ መካከል እንዲያሸጋግር ይደረግ። ሁለት መስመር ሲከራዩም ሁለቱ በአንድ ቱቦ ወደ ሕንጻው እንዳይገቡ አስቀድመው ይጠይቁ፤ አንድ ቁፋሮ ሁለቱንም ይቆርጣቸዋልና።

መልስ፦ የቅርንጫፍ አገልጋይ
አንድ ነገር ልጨምር። ቅርንጫፎችን ስታገናኙ የአድራሻ ክልሎቹን ተመልከቱ። እኛ ዘንድ ቅርንጫፉም ክላውዱም 192.168.1.0 ላይ ነበሩ፤ የቅርንጫፉ ኮምፒውተሮች የክላውዱን ሰርቨር እዚያው ጎረቤታቸው እንዳለ ቆጥረው ወደ ቪፒኤኑ አልላኩለትም። በመጨረሻ የቅርንጫፉን አድራሻ በሙሉ ቀየርን።

የሌሊት ተረኛ
በእኛ በኩል ያለውን 1350 አድርጌዋለሁ፤ ሪፖርቱ አንድ ጊዜ ተከፈተ፣ ሁለተኛው ግን ቆመ። የክላውዱን ፋየርዎል የመቀየር ፈቃድ ያለው ባልደረባዬ ስልክ አያነሣም። እየደወልኩ ነው።

ፓኬት ቆጣሪ
ሁለተኛውን የከፈቱት ወጥተው ከገቡ በኋላ ነው ወይስ በዚያው ግንኙነት ላይ?

መልስ፦ አዲስ ገቢ
ሦስት ሳምንት ሆነ። በመጨረሻ ምን ሆነ? እኛም ትናንት ሥርዓታችንን ካዛወርን ጀምሮ ያው ነጭ ገጽ ነው የሚያሳየን፤ የእኛው ደግሞ የሚያልፈው 1382 ላይ ነው።