ከዘንዘልማ መሃል ከተማ በየቀኑ በሳይክል፦ ዕቅዱ ሳምንት አልሞላ እያለኝ ተቸገርኩ

ዘንዘልማው (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ቤቴ ዘንዘልማ ነው፣ የምሠራው ባሕር ዳር መሃል ከተማ። አንዱ ጉዞ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በሳይክል ልመላለስ ብዬ እነሳና ሳምንቱ ሳያልቅ ወደ ታክሲ እመለሳለሁ። የኋላ ጎማው እየደጋገመ ይፈሳል። ቢሮ ስደርስ ሸሚዜ በላብ ርሶ ነው። ማታ ስመለስ ከጠዋቱ በጣም ይከብደኛል። ጉልበቴንም ከፊት በኩል ያመኛል። ሳይክሉ ባለ 21 ማርሽ ማውንቴን ነው፣ ጎማው ላይ 26 በ1.95 ይላል። ክብደቴ 72 ኪሎ ነው፣ ላፕቶፕ በጀርባዬ እይዛለሁ። ክረምት ሳይገባ ነገሩን መልክ ላስይዘው እፈልጋለሁ።

ወረንጦ
ከጎማው እንጀምር። በሚቀጥለው ጊዜ ሲፈስ ቶሎ ለጥፈህ አትሂድ፤ መጀመሪያ ቀዳዳው የት እንዳለ እይ። የውስጡን ጎማ ከማውጣትህ በፊት የቫልቩን ቦታ በውጩ ጎማ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርግበት፣ ኋላ ሁለቱን አስተያይተህ የበሳውን ቦታ ታገኘዋለህ።

ቀዳዳው አስፋልት በሚነካው በኩል ከሆነ እሾህ ወይም የሽቦ ስባሪ ነው። የግራር እሾህ ጫፉ ተሰብሮ የውጩ ጎማ ውስጥ ይቀራል፤ የውስጡን ብቻ ከለጠፍክ በማግስቱ እዚያው ላይ ይበሳልሃል። «ጎማው ይደጋግማል» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። የውጩን ጎማ ውስጡን ዙሪያውን በጨርቅ አብስ፣ ጨርቁን የያዘው ቦታ ላይ በወረንጦ ንቀል። በባዶ ጣት አትፈልግ። ቀዳዳው በቸርኬው (ጎማው በሚቀመጥበት ክብ ብረት) በኩል ከሆነ ደግሞ የሽቦዎቹን ጫፍ የሚሸፍነው ላስቲክ ተንሸራቷል ወይም ተቀዷል፣ እሱን ቀይር። ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ካየህ ጥፋተኛው እሾህ አይደለም፤ ንፋሱ አንሶ ሳለ ጉድጓድ ወይም የኮብልስቶን ጠርዝ መትተህ ጎማው በቸርኬውና በድንጋዩ መሃል ተቆንጥጧል።

ለአንተ ክብደት ከነላፕቶፑ ኋላ ከ45 እስከ 50 ፒኤስአይ (ፖምፓው ላይ የሚነበብ የንፋስ ግፊት ልክ)፣ ፊት 40 ገደማ ይበቃል። ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ልክ ግን አትለፍ። በአውራ ጣት ተጭኖ «ደህና ነው» ማለት ይቅር፣ ጣት 30ን ከ45 አይለይም። ያልተበሳ ጎማም ቀስ እያለ ስለሚያንስ በሳምንት አንዴ፣ እሑድ ማታ፣ ልኬት ባለው ፖምፓ ሙላ። ጎሚስታ ጋ በኮምፕረሰር ካስነፋህ ጠጋ ብለህ ልኩን እይ፤ የመኪና ጎማ መንፊያ የሳይክልን ጎማ በጥቂት ሰከንድ ያፈነዳዋል።

ስትለጥፍ ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት አሻክረህ፣ አጥርተህ፣ ማስቲሹን በስሱ ቀባና 5 ደቂቃ ተወው። ሲያብረቀርቅ አትለጥፍ። ሲደበዝዝና ጣት ላይ መያዝ ሲተው ልጣፉን አስቀምጠህ አጥብቀህ ጫን። የማይዝ ልጣፍ ሁሉ ማለት ይቻላል ማስቲሹ ሳይደርቅ በችኮላ የተለጠፈ ነው።

ሐይቅ ዳር
የማታው ክብደት ስንፍና እንዳይመስልህ። ቀን ላይ የብሱ ከሐይቁ ይልቅ ስለሚሞቅ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከጣና ወደ የብስ ይነፍሳል። ባሕር ዳር ያለችው በሐይቁ ደቡብ ጫፍ ነው፣ ስለዚህ ነፋሱ ከሰሜን ይመጣል፤ አንተ ደግሞ የጎንደሩን መንገድ ይዘህ ወደዚያው ነህ። ጠዋት ግን ጸጥ ያለ ነው። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ስትነዳ 12 ኪሎ ሜትር ነፋስ ከፊት ከመጣ አየሩ የሚገፋህ ኃይል ሦስት እጥፍ ይሆናል። መፍትሔው ጉልበት መጨመር አይደለም። አንድ ወይም ሁለት ማርሽ አቅልል፣ ክርንህን አጠፍ አድርገህ ጎንበስ በል፣ ለመመለሻው 10 ደቂቃ ጨምረህ ያዝ። ማታም ጠዋት በፈጀበት ደቂቃ ለመግባት የሚታገል ሰው ነው በሦስተኛው ቀን የሚያቆመው።

መብራትንም አስብበት። በኅዳር ፀሐይ 12 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች፣ ከሥራ ትንሽ ከዘገየህ መንገድ ላይ ይመሽብሃል። ፊት ነጭ፣ ኋላ ቀይ መብራት አድርግ። ምሽት ላይ ትንኙ ዓይን ውስጥ ስለሚገባ ጥቁር ያልሆነ መነጽር ያስፈልግሃል። ዓባይን ስትሻገር በ2016 ዓ.ም. በተከፈተው አዲሱ ድልድይ ላይ የሳይክል መስመሩን ይዘህ ሂድ፤ 380 ሜትር ያለ መኪና ግፊያ ቀላል ነገር አይደለም። ከተማ ውስጥ የባጃጁን የፊት ጎማ ተመልከት፣ ሾፌሩ ምልክት ሳያሳይህ ጎማው ወዴት እንደሚታጠፍ ይነግርሃል።

እመት ፔዳል
የጉልበቱ ሕመም ከፊት ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የመቀመጫው ማነስ ነው። ግድግዳ ተደግፈህ ተቀመጥ፣ ፔዳሉን ወደ ታች ጫፍ አውርደህ ተረከዝህን አሳርፍበት። እግርህ ቀጥ ማለት አለበት። ከታጠፈ መቀመጫውን ከፍ አድርግ፣ ግን በአንዴ ከ5 ሚሊ ሜትር አትለፍ፣ ሁለት ሦስት ቀን ነድተህ እየው። ዳሌህ ግራና ቀኝ ከተወዛወዘ በዝቷል ማለት ነው። የመቀመጫው ቱቦ ላይ ካለው የመጨረሻ መስመር በላይ ፈጽሞ አታውጣው፣ ይሰበራል።

ሁለተኛው ጥርጣሬ ከባድ ማርሽ ነው። በሜዳ መንገድ ፊት መካከለኛውን፣ ኋላ አራተኛውን ወይም አምስተኛውን ይዘህ አንድ እግርህ በ15 ሰከንድ ከ18 እስከ 20 ጊዜ እንዲዞር አድርግ። ከ15 ካነሰ ጉልበትህን እየበላህ ነው። ሁለቱን አስተካክለህም ካልቀነሰ ሐኪም ይየው።

ላቡን የሚያመጣው ቦርሳው ነው። ላፕቶፑን ከጀርባህ አውርደህ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ፣ ከሥር ስፖንጅ አድርገህ እሰረው። የመጨረሻውን አንድ ኪሎ ሜትር በእርጋታ ንዳ፣ ደርሰህ ወዲያው ሸሚዝ አትቀይር፤ 10 ደቂቃ ጥላ ውስጥ ቆይተህ በእርጥብ ፎጣ ተጥረግና ከዚያ ልበስ። ሰኞ ሁለት ሦስት ሸሚዝ ወስደህ ቢሮ አስቀምጥ። በዓቢይ ጾም ሙቀቱም አብሮ ይመጣል፤ እስከ ከሰዓት የምትጾም ከሆነ ከዋዜማው ማታ ደህና ጠጣ፣ ጠዋት በቀላል ማርሽ ሂድ፣ ጉልበት የሚጠይቀውን ከምግብ በኋላ አድርገው። ቀሚስ ለምትለብሱ እህቶች ደግሞ፦ ሰንሰለቱ ላይ ሽፋን፣ የኋላ ጎማ ጎንና ጎን መረብ አስደርጉ። ነጠላ ከሽቦው ጋር ከተጠመጠመ ጎማው ቀጥ ይላል።

ዘንዘልማው (ጠያቂ)
እግዜር ይስጥልኝ፣ መቀመጫው እውነትም ዝቅ ብሏል። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ሰንሰለቱ ይንጫጫል፣ የሞተር ዘይት አድርጌበታለሁ። ደግሞስ ክረምት ላይ «በየቀኑ» የሚለው ያዋጣል?

ባለ ፓራፋንጎ
የሞተር ዘይት ወፍራም ነው፣ አቧራውን ይሰበስብና ከሰንሰለቱ ጋር ጥርሱንም ይሞርደዋል። በነጭ ጋዝ በተነከረ ጨርቅ አጥራው፣ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፣ ከዚያ በእያንዳንዷ መጋጠሚያ ላይ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት፣ 5 ደቂቃ አዙረህ ላዩን በደረቅ ጨርቅ ጥረገው። ዘይት ሥራ የሚሠራው ውስጥ ነው፤ ላዩ ላይ የሚያብለጨልጨው አቧራ መጥሪያ ነው። የስፌት ዘይት ቀጭን ስለሆነ ዝናብ ያጥበዋል፤ ክረምት ላይ በረጠበ ቁጥር መድገም ግድ ነው። ሰንሰለቱ ማለቁን በማስመሪያ ለካ፦ ከአንዱ ፒን መሃል እስከ 21ኛው ፒን መሃል 25.4 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። 25.6 ከደረሰ ቀይረው፣ ካቆየኸው የኋላ ጥርሱንም አብረህ ትገዛለህ።

ለክረምት ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ የሚታሰር የጭቃ መከላከያ) ፊትና ኋላ ግድ ነው፣ ግን ከጎማው ጣት ያህል ይራቅ፤ ዋልካ ጭቃ ጠባብ ቦታ ከገባ ጎማውን ያስቆመዋል። ከረዥም ካባ ይልቅ አጭር የዝናብ ጃኬት ይሻላል፣ ካባ ነፋስ ይሞላል። ዝናብ ሲጀምር የመጀመሪያዎቹ ከ10 እስከ 15 ደቂቃዎች ከሁሉ ያንሸራትታሉ፣ ዘይትና አቧራው ገና አልታጠበም። የረጠበ ቸርኬ ወዲያው አይይዝም፣ ስለዚህ ቀድመህ ፍሬኑን ቀለል አድርገህ ነካ ነካ አድርገው። የፍሬን ላስቲኩ ላይ ያለው ቦይ ከጠፋ ቀይር። ውኃ የተኛበት ቦታ ጥልቀቱ አይታወቅም፣ ዙረው።

መብረቅ ካለ አትውጣ፣ ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥርም አትጠለል። ያን ቀን ሳይክሉን ቢሮ አሳድር፤ ዘበኛ ቢኖርም የኋላ ጎማውን ከነፍሬሙ ከብረት ጋር ቆልፍ። በማግስቱ በታክሲ መጥተህ ማታ በሳይክል ትመለሳለህ። ስለዚህ ቀን ሳይሆን ጉዞ ቁጠር፦ በሳምንት 10 ጉዞ አለህ፣ ክረምት ላይ 7ቱን ከነዳህ ዕቅዱ አልፈረሰም።

ወረንጦ
በዚህ እንኳ አልስማማም። ከመብረቅ በቀር ሌላ ምክንያት በመጀመሪያው ወር አይፈቀድ፤ «ደመና ይመስላል» የሚለው ሰበብ በሐምሌ በየቀኑ ይገኛል።

እመት ፔዳል
ሐምሌን ለመጀመሪያ ወር ማን መረጠው? ከመስከረም ጀምሮ 10ሩንም ይሞክር፤ እስከዚያው 7 ይበቃዋል። ዘንዘልማው፣ ዛሬ ማታ መቀመጫውን 5 ሚሊ ሜትር ከፍ አድርገህ ፍሬውን በደንብ አጥብቀው፣ ካልጠበቀ መንገድ ላይ ተመልሶ ይወርዳል።