የሚርገበገቡ ኮከቦች ርቀታቸውና መጠነ ቁሳቸው (ማስ) እንዴት ነው የሚለካው?

ሰማይ_ወዳድ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ሰሞኑን ስለ ሴፌይድ ኮከቦች እያነበብኩ አንድ ነገር አልገባ ብሎኝ ነው። ኮከቡ ያብጣል፣ መልሶ ይኮማተራል፣ ድምቀቱም አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል፣ እሺ እዚህ ድረስ ገብቶኛል። ግን አንድ ዙር የሚፈጅበትን ቀን ቆጥረው ርቀቱን ያወጣሉ ሲባል እንዴት ነው እሱ? ቀን ተቆጥሮ ርቀት ይገኛል? ማሱንስ በምን አወቁት? የሚያውቅ ካለ ቀለል አርጎ ያስረዳኝ በናታችሁ።

ሌሊት_ጠባቂ፦
ቁልፉን ያገኘችው የሥነ ፈለክ ባለሙያዋ ሄንሪየታ ሌቪት ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1912። ትንሹ ማጄላኒክ ክላውድ (የኛ ጋላክሲ ጎረቤት የሆነ ትንሽ ጋላክሲ) ውስጥ ያሉ 25 ሴፌይዶችን አሰላስላ ስታይ ዙሩ የረዘመው ሁሉ የበለጠ ደማቅ ሆኖ አገኘችው። እነዛ ኮከቦች ሁሉም እዛው አንድ ቦታ ስላሉ ከኛ ያላቸው ርቀት እኩል ነው ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ደምቆ የታየው ቀረብ ስላለ ሳይሆን በራሱ ደማቅ ስለሆነ ነው። ዙሩን ካወቅክ እውነተኛ ድምቀቱን አወቅክ፣ ከዛ እኛ ጋ ሲደርስ ምን ያህል እንደደከመ አይተህ ርቀቱን ታወጣለህ፣ ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃን ሩብ ይሆናላ።

በቁጥር እንየው። ዴልታ ሴፌይ የሚባለው ሴፌይድ ዙሩ 5.37 ቀን ነው፣ ለዚህ ዙር የሚወጣው እውነተኛ ማግኒቲውድ (የድምቀት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ኮከቡ ይደምቃል) −3.4 ገደማ ነው፣ ለኛ የሚታየን ደግሞ በአማካይ 3.95። ልዩነቱ 7.35። መሃል ላይ ያለው አቧራ የሚያደበዝዘውን 0.2 ገደማ ስትቀንስ 7.15 ይቀራል፣ እሱ ወደ ርቀት ሲቀየር 270 ፓርሴክ (የከዋክብት ርቀት መለኪያ) ገደማ ይሆናል፣ 880 የብርሃን ዓመት ገደማ ማለት ነው። አቧራውን ብትረሳው 295 ይወጣልሃል፣ ለዛ ነው ባለሙያዎቹ አቧራ ብዙ በማይከለክለው፣ ለዓይን በማይታየው ኢንፍራሬድ ብርሃን መለካት የሚመርጡት።

ሰማይ_ወዳድ፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ አሁን ገባኝ! ግን ያ −3.4 ራሱ ከየት መጣ? የሌቪት ኮከቦች እኮ ርቀታቸው አልታወቀም ነበር።

ሌሊት_ጠባቂ፦
ትክክል፣ እሷ ያገኘችው ዝምድናውን ነው፣ መነሻው ግን መለካት ነበረበት። እሱ በፓራላክስ ነው የሚሰራው፣ ምድር በፀሐይ ዙሪያ ስትዞር ቅርብ ያለው ኮከብ ከጀርባው ካሉት አንፃር ትንሽ ፈቀቅ ሲል ያንን አንግል ትለካለህ። ዴልታ ሴፌይን በሃብል ቴሌስኮፕ ለክተው በ2002 ያወጡት 273 ፓርሴክ ነው፣ ከላይ ካሰላነው ጋር አስተያየው። ከዛ ደግሞ በ2013 የተላከችው ጋያ መንኮራኩር የብዙ ሴፌይዶችን ፓራላክስ ለክታለች። መነሻው ከተሳሳተ ሁሉም ነው የሚሳሳተው፣ የሥነ ፈለክ ባለሙያው ባዴ በ1952 ሴፌይድ በድምቀት የሚለያይ ሁለት ዓይነት መሆኑን ሲያሳውቅ የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ርቀት በአንዴ እጥፍ ሆነ።

ጥንድ_ኮከብ፦
ስለ ማሱ እኔ ልጨምር፣ ምክንያቱም ይሄ ከርቀቱ በጣም ይከብዳል። ብቻውን ያለ ኮከብ ማሱን በቀጥታ አይነግርህም፣ የሚስበው ጎረቤት ያስፈልገዋል። ጎረቤት ከሌለ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከርግብግቡ ነው፣ ሰፊና ስስ የሆነ ኮከብ ቀስ ብሎ ነው የሚርገበገበው፣ ጥቅጥቅ ያለው ቶሎ ቶሎ፣ ስለዚህ ዙሩና ስፋቱ ከታወቀ እፍጋቱ ይወጣል ከእፍጋቱ ደግሞ ማሱ። ሁለተኛው ኮከብ እንዴት እንደሚያረጅ ከሚያሰላ ሞዴል ነው። ችግሩ ሁለቱ አይስማሙም ነበር፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የርግብግቡ ማስ ሁሌ ከሞዴሉ አንሶ ነው የሚገኘው፣ 20 በመቶ ገደማ።

የፈታው በ2010 የነ ፒየትዢንስኪ ቡድን ነው። ትልቁ ማጄላኒክ ክላውድ (ሌላው ጎረቤት ጋላክሲ) ውስጥ አንድ ሴፌይድ ከጓደኛው ጋር በ310 ቀን ሲዞር፣ ያውም ከኛ አቅጣጫ አንዱ ሌላውን እየጋረደ አገኙት። ከግርዶሹ ስፋታቸውን፣ ከስፔክትረሙ (ብርሃናቸው በቀለም ተበትኖ ሲታይ) ፍጥነታቸውን ወስደው ማሱን በ1 በመቶ ስህተት ብቻ አወጡት፣ የፀሐይ 4.14 እጥፍ። ከርግብግቡ ማስ ጋር ገጠመ። እኔ ይሄን ሳነብ በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ዓይኔ_ብቻ፦
ዴልታ ሴፌይን ያለ ምንም መሳሪያ ማየት ትችላለህ፣ ጉድሪክ በ1784 እንደዛ ነው ያገኘው። ጎኑ ዜታና ኤፕሲሎን የሚባሉ ኮከቦች አሉ፣ ሶስቱ ትንሽ ትሪያንግል ይሰራሉ። ሲደምቅ ዜታን ሊያህል ይደርሳል፣ ሲደክም ከኤፕሲሎንም ዝቅ ይላል። ከፍ የሚለው በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ነው፣ ሲወርድ ግን አራት ቀን ይጎተታል። በየሌሊቱ አንዴ እያየህ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመስል ብቻ ጻፍ፣ ሶስት ሳምንት ከመዘገብክ 5.37ቷን ራስህ ታገኛታለህ።