አጥሩ ይረጭ ወይስ ሸረሪቶቹ ይተዉ?

ጠያቂ (ጅማ፣ ጊንጆ)፦ ክረምቱ ወጥቶ የሰፈራችን አጥር ድር በድር ሆኗል። ከቁጥቋጦው እስከ አቮካዶው የተዘረጋው ድር ጠዋት ጤዛ ሲይዝ ያምራል፤ ልጆቹ ግን በዚያ በኩል ማለፍ ትተዋል። እሑድ በሰፈር ስብሰባ ከየቤቱ 200 ብር ተዋጥቶ አጥሩ በሙሉ ማላታይን የሚባለው የተባይ መርዝ ይረጭ ተባለ። እኔ አልፈረምኩም። የሸረሪት ወዳጅ ሆኜ ግን አይደለም። ምን ትላላችሁ?

እናት ከቦሳ፦ ይረጭ እንጂ! ይህም ያከራክራል? አምና ባለቤቴ ጎኑ ላይ እንደ ቀበቶ የዞረ፣ ውሃ የቋጠረ ቁስል ወጥቶበት ሌሊቱን ሲቃትት ነበር የሚያድረው። ያየው ሰው ሁሉ «ሸረሪት ሸንታበት ነው» አለ። ድሩን የሚያደንቅ ሰው አንድ ሌሊት ከእኔ ጋር አስታሞ ይየው።

የባዮሎጂ መምህር፦ እትዬ፣ እንኳን ማረልዎት። በአንድ ጎን ብቻ እንደ ቀበቶ የሚዞረው ቁስል ግን አልማዝ ባለጭራ የምንለው ነው። የሚያመጣውም የጉድፍ ቫይረስ ነው። ጉድፉ ከዳነ በኋላ ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ከዓመታት በኋላ ይነሣል፤ ነርቩን ተከትሎ ስለሚወጣም መስመር ይሠራል። ሸረሪቷ ያለ ጥፋቷ ነው የተከሰሰችው።

አጥሩ ላይ ያለችውን ደግሞ ቀረብ ብላችሁ እዩአት። ሆዷ ላይ ቢጫና ጥቁር ሰንበር ያላት፣ ክብ ድሯ መሐል ቁልቁል የምትንጠለጠል፣ እግሮቿን ጥንድ ጥንድ አድርጋ በመስቀለኛ የምትዘረጋ ከሆነች አርጂዮፔ የሚባለው ወገን ናት። ብዙ ጊዜ ድሯ ላይ በነጭ ክር ጥምዝምዝ መስመር ትሠራለች። ትልቋ ሴቷ ናት፤ ወንዱ ከጎኗ ሲታይ ፍርፋሪ ያክላል። ሰው ሲቀርባት ድሩን ታወዛውዛለች ወይም ወደ መሬት ትወድቃለች እንጂ አታሳድድም። በመስኮት ላይ የምትዘልላት፣ ከፊት ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ያሏት ትንሿ ደግሞ ለማደን ድር አትዘረጋም፤ አድፍጣ ትዘላለች። መሬት ለመሬት የምትሮጠውና ልጆቿን ጀርባዋ ላይ አዝላ የምትዞረው ሌላ ናት። እኔ በግሌ እሷን ሳይ መንገድ እለቅላታለሁ።

ቡና ነጋዴ፦ መምህር፣ ሁሉም የዋህ ነው አይበሉን። መጋዘን ውስጥ ጆንያ ሳነሣ ከሆዷ ሥር ቀይ ምልክት ያላት አይቻለሁ።

የባዮሎጂ መምህር፦ ልክ ነህ፣ ይህ መነገር ያለበት ነው። በአፍሪካ ብዙ ቦታ የምትገኝ ቡናማ ሸረሪት አለች፤ ከሆዷ ሥር ጫፍ ለጫፍ የተገናኙ ሁለት ባለሦስት ማዕዘን ቅርጾች የሚመስል ብርቱካንማ ወይም ቀይ ምልክት አላት፤ የእንቁላል ከረጢቷ እሾህ ያበቀለ ኳስ ይመስላል። ንክሻዋ ያማል፤ ሰው መግደሉ ግን እጅግ ብርቅ ነው። የምትኖረው በወንበር ሥር፣ በተጣለ ዕቃና በእንጨት ክምር ውስጥ እንጂ እንደዚያችኛዋ አጥር ላይ ተንጠልጥላ አይደለም። ጆንያና ጫማ አራግፎ መያዝ፣ እንጨት ሲያነሡ ጓንት ማድረግ ይበቃል።

ንብ አናቢ፦ እኔ ሸረሪት አልወድም። አበባ መስላ አበባ ላይ የምታደፍጠዋ ስንት ንቤን በልታብኛለች! ግን እሷ አንድ በአንድ ነው የምትወስደው። አጥሩ አሁን አብቧል፤ ማላታይን ካረፈበት የሚሄደው ቀፎዬ ነው። ከረጫችሁ ካሣ እጠይቃለሁ፤ ቀልድ አይደለም።

ቡና ነጋዴ፦ ለካ ሁሉም ለኪሱ ነው የሚከራከረው! በጅማ ወባ እያለ ስለ ንብ እናውራ? ቢያንስ ትንኙን ይቀንሳል።

ጡረተኛ ነርስ፦ ርጭት ስንወድ ኖረን ያተረፍነውን ልንገርህ ልጄ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ በእናት ጡት ወተትና በላም ወተት ውስጥ ድሮ ለወባ ትንኝ ይረጭ የነበረው የዲዲቲ ቅሪት እንዳለ አሳይቷል። ማላታይን እንደ ዲዲቲ ለዘመናት አይቆይም፤ እሱን አውቃለሁ። ነገር ግን አጥሩ ሥር ጎመን ተክላችኋል። ሳምንት ሳይሞላ ማን ቀጥፎ እንደሚበላው ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ለወባ የሚጠቅመው አጎበርና የታቆረ ውሃ ማፍሰስ ነው። ሸረሪት ወባ ታጠፋለች ብሎ አጎበሩን የሚያጥፍም ካለ እሱንም እቆጣለሁ።

ጠያቂ፦ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል የሸማኔውን ድር ነው ወይስ የሸረሪቷን?

ጡረተኛ ነርስ፦ ፈትላ የማታውቅ ትውልድ!

እናት ከቦሳ፦ መምህር፣ ስለ አልማዝ ባለጭራው ለባለቤቴ አነበብኩለት፤ ልጅ ሳለ ጉድፍ ይዞት እንደነበር ነገረኝ። እሺ፣ ፊርማዬን አንሥቻለሁ። ልጆቹ የሚያልፉበትን ጥግ ብቻ በረጅም እንጨት እናጽዳው፤ የቀረው አጥር ይቆይ። በረንዳዬ ላይ ድር ያደራችውን ግን ማንም አይማልድላት፤ መጥረጊያዬ ዝግጁ ነው።

ጠያቂ፦ አሥራ አንድ ቤት አስቀድሞ ከፍሏል። ገንዘብ ያዡ ይህን እያነበበ ከሆነ መልስ ይስጥ።