«ሴት ወገቧ በቢላዋ ከተነካ አትነሣም» ይባላል፤ እውነት ነው?

የጣርማበር ልጅ፦
ሰላም ለቤቱ። ጉዳዩ የእናቴ ነው፤ ግን የእኛ ቤት ጉዳይ ብቻ ስላልመሰለኝ ለሁላችሁም አቀርበዋለሁ። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ወገቧን ያማታል፤ ስትራመድ እግሮቿ ይደነዝዛሉ። የሚገርመው ዳገት ስትወጣ ደህና ናት፤ ቁልቁለት ስትወርድ ነው የሚብስባት። ከምንጩ ስትመለስ መንገድ ላይ ቁጢጥ ብላ ታርፍና እንደገና ትነሣለች። ይህን ያዩ ጎረቤቶች «ዳገት እየወጣች ቁልቁለት አቃተኝ ትላለች» እያሉ ያሟታል። በመድኃኒትም በፊዚዮቴራፒም ስላልተሻላት፣ በመጨረሻ ደብረ ብርሃን ያያት ሐኪም አንዱ የአከርካሪ አጥንቷ ወደ ፊት ተንሸራቶ የነርቩን መተላለፊያ እንዳጠበበው ነግሯት ቀዶ ሕክምና መከራት። ቤተ ዘመድ ተሰበሰበ። ታላቅ አጎቴ «ሴት ወገቧ በቢላዋ ከተነካ አትነሣም» አለ፤ ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ዐምና አባቴ በዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ባለው ትራስ መሰል ነገር) መንሸራተት ሲታመም ግን «እርሻው ያልፋል» ተብሎ በሬ ተሽጦ በሁለት ሳምንት ውስጥ አዲስ አበባ ተወስዶ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። እስቲ ንገሩኝ፤ ቀዶ ሕክምናው ነው ለሴት የማይሆነው ወይስ እኛ ነን የምናዘገያቸው?

መምህሩ ከአንኮበር፦
ልጄ፣ በአጎትሽ ላይ አትፍረጂ። ክፋት አስቦ አይመስለኝም። እኅቴ ከአራት ዓመት በፊት በወገቧ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። መነሣቱንስ ተነሣች፤ ሕመሙ ግን ዛሬም አብሯት አለ። በዚያው ዓመት የታከመው ጎረቤታችን ደግሞ ይኸው ሞፈር ይዞ ያርሳል። በዐይኔ ያየሁትን እንዴት ልካድ? የሴት ገላ በወሊድ የደከመ ነው፤ ባይነካ ይሻላል እላለሁ።

የአረርቲ እናት፦
እኔ ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ተጠምቄ፣ ፊዚዮቴራፒም ተሠርቶልኝ፣ በአራት ወር ውስጥ ተሽሎኛል። እኔንም ቀዶ ሕክምና ያስፈልግሻል ብለውኝ ነበር። መቸኮል ጥሩ አይደለም።

ነርስ ከደብረ ብርሃን፦
እትዬ፣ እንኳን ተሻለዎት። የእርስዎ ዲስክ ከነበረ፣ አብዛኛው ሰው በሳምንታትና በወራት ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል፤ ጸበሉም ከሕክምናው ጋር አይጣላም። ለጠያቂዋ ግን አንድ ነገር ልንገራት። ብዙ ጊዜ በራሱ የሚሻለው የአባትሽ ዓይነቱ ሕመም ነው። የእናትሽ ዓይነቱ ግን አጥንቱ ጊዜ ስላገኘ ወደ ቦታው አይመለስም። የቤታችሁ ችኮላና ትዕግሥት ቦታ ተለዋውጧል ማለት ነው።

ዳገትና ቁልቁለቱም ማስመሰል አይደለም። ሰው ዳገት ሲወጣ ጎንበስ ይላል፤ ጎንበስ ሲል የነርቩ መተላለፊያ ሰፋ ይላል። ቁልቁለት ሲወርድ ቀና ስለሚል ይጠብባል። ቁጢጥ ብላ የምታርፈውም ለዚሁ ነው። ይህ የአጥንት መንሸራተት ከ50 ዓመት በኋላ የሚመጣና ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ በብዙ እጥፍ የሚበዛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ይህን ሕመም ተከታትሎ፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች በሁለት ዓመት ውስጥ ካልተደረገላቸው በተሻለ ሁኔታ ላይ እንደነበሩ አሳይቷል። ከተሳታፊዎቹ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። «ለሴት አይሆንም» የሚለው እዚህ ላይ ይወድቃል።

መምህር፣ ያዩትን አልክድም። በስዊድን የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና መዝገብ ላይም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፤ የዲስክ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሴቶች ከወንዶቹ የበለጠ ሕመም እንደቀረባቸው ይናገራሉ። ነገር ግን ቀድሞውኑ ወደ ቀዶ ሕክምናው የገቡት ብሶባቸው ነው። ከገቡበት እስከ ወጡበት ያለው ለውጥ ከወንዶቹ ጋር ይቀራረባል። ከገደሉ ግርጌ የተነሣና ከገደሉ መሐል የተነሣ ሰው እኩል ቢወጡ አንድ ቦታ ላይ አይገናኙም።

የሸዋ ሮቢት ነጋዴ፦
ዘመድ ብቻ አይደለም የሚያዘገየው። ባለቤቴ ቀዶ ሕክምና ልታደርግ ስትል አንድ ሐኪም ቤት «ባልሽ ይፈርም» ብለው መለሷት፤ እኔ አፋር በረሃ ጭነት ላይ ነበርኩ። አምስት ቀን ጠበቀችኝ። እኔ ስታከም እሷን ፈርሚ ያላት የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴት ከወንድ እኩል መብት አላት ይላል፤ በገዛ ገላዋ ላይ መወሰን ካልቻለች እኩልነቱ ምኑ ላይ ነው?

ነርስ ከደብረ ብርሃን፦
በእኛ ሙያም ጥፋት አለ፤ አልሸሽገውም። እ.ኤ.አ. በ2008 በካናዳ በታተመ ጥናት፣ የጉልበታቸው ጉዳት ተመሳሳይ የሆነ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ወደ ሐኪሞች ተላኩ። ከሐኪሞቹ 42 በመቶዎቹ የጉልበት ቅየራን ለወንዱ መክረው ለሴቷ ሳይመክሩ ቀሩ፤ በተቃራኒው ለሴቷ ብቻ የመከሩት 8 በመቶ ናቸው። ያ ጉልበት ነው፣ ወገብ አይደለም፤ ሆኖም ሴት ስታመለክት የሚሰማው ጆሮ የተለየ መሆኑን ያሳያል።

አንድ ነገር ደግሞ ሁላችሁም ያዙልኝ። ወንድም ሆነ ሴት፣ የወገብ ሕመም ያለበት ሰው ሽንቱ ካልወጣለት ወይም ካመለጠው፣ መቀመጫውና ብልቱ አካባቢ ከደነዘዘ፣ እግሮቹ ከዛሉ፣ ሽማግሌ አይሰብሰብ፣ ፊርማም አይጠበቅ። በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረስ።

መምህሩ ከአንኮበር፦
ሌሊቱን ሳወጣና ሳወርድ አደርኩ። እኅቴ ከሆስፒታል በወጣች በዐሥራ አምስተኛው ቀን ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ምጣድ ላይ ጎንበስ ብላ እንጀራ ትጋግር ነበር። በአንድ እጇ ወገቧን ደግፋ፣ በሌላው ሊጡን ታሰፋለች። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ በርትታለች» ብዬ እንጀራውን በልቼ ተመለስኩ። ጎረቤታችን ግን ሁለት ወር ሙሉ ተኝቶ አጥሚት ሲጠጣ ልጆቹ ናቸው ያረሱለት። ይህን ከቢላዋው ለይቼ አላየሁትም ነበር። ቢሆንም ስጋቴ አልለቀቀኝም፤ የሚያሳርፋት በሌለበት ቤት ሴትን ለቀዶ ሕክምና መስጠት ይከብደኛል።

ነርስ ከደብረ ብርሃን፦
መምህር፣ ስጋትዎ ትክክል ነው። ለሳምንታት እንስራ መሸከም፣ ማጎንበስ፣ ከባድ ነገር ማንሣት የለም። አጥንቱ በብሎን ከታሰረ ደግሞ እስኪያያዝ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ቀኑ ከመቆረጡ በፊት ውኃውን ማን ይቀዳል፣ እንጀራውን ማን ይጋግራል የሚለው ይወሰን።

የጣርማበር ልጅ፦
ትናንት ማታ ለእናቴ ደወልኩላት። በዚህ ሁሉ ጊዜ እሷን የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር። «ቢላዋውንስ አልፈራሁትም ልጄ፣ ላሞቹን ማን ያልብልኛል ብዬ ነው» አለችኝ። ከዚያ ስልኩን ለአባቴ ሰጠችው። «እኔ አልባለሁ» አለ፤ ቆየት ብሎም «እንጀራውን ግን አልችልበትም» አለኝ። ለታናሽ እኅቴ አዲስ አበባ ደውዬ ሁለት ወር እንድትመጣ ለምኛታለሁ። አሠሪዋን ጠይቃ ልትነግረኝ ነው፤ እየጠበቅኋት ነው።