ካውንስለሯ የላከችው ወረቀት ላይ ልፈርም ወይስ ይቅር?

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ጨንቆኝ ነው የምጽፈው። ልጄ 12 ዓመቱ ነው፣ ሰባተኛ ክፍል። ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ አይኢፒ አለው፣ ማለት ለእሱ ተብሎ የተጻፈ የልዩ ትምህርት እቅድ፤ ማንበብ ይከብደዋል፣ ሐሳቡም ቶሎ ይበተናል። ባለፈው ሐሙስ ቦርሳውን ሳጸዳ ከታች የተጨማደደ ወረቀት አገኘሁ። የሚድል ስኩሉ ካውንስለር፣ የተማሪዎች አማካሪዋ ማለቴ ነው፣ ስፔሻል ኢዱኬሽን (ልዩ ትምህርት) ውስጥ ላሉ ልጆች አንድ ቡድን ልትጀምር ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ለ8 ሳምንት። ስለ ጓደኛ፣ ስለ ንዴት፣ የሚፈልጉትን አፍ አውጥቶ ስለመጠየቅ ይነጋገራሉ ይላል። ከታች የወላጅ ፊርማ አለ። እስከ መጪው ዓርብ መልሱ ብለዋል።

ባለቤቴ አነበበውና "ልጄ እብድ አይደለም" ብሎ ጠረጴዛው ላይ ጥሎት ወጣ። እኔን ደግሞ ሁለት ነገር ያስፈራኛል። አንደኛ፣ እዚያ ክፍል ሲገባ የሚያዩት ልጆች ስም ያወጡለታል። አሁንም የልዩ ትምህርት ልጆችን የምታመላልሰው ትንሿ አውቶቡስ ስታመጣው ጥጉ ጋ ልውረድ እያለ ይለምናል፤ ሕንፃችን ደጅ ላይ የሐበሻ ልጆች ስለሚቀመጡ እንዳያዩት ብሎ ነው። ሁለተኛ፣ እውነቱን ልናገርና፣ የቤታችንን ገመና እዚያ ቢዘረግፈውስ? አባቱ ሲደክመው ይጮህበታል። አይመታውም። ግን ልጅ ነው፣ እንዴት አድርጎ እንደሚያወራው እንጃ። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ።

ረዳት መምህርት፦

እህቴ አይዞሽ። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ በስፔሻል ኢዱኬሽን ክፍል ረዳት ሆኜ 11 ዓመቴ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ግን አንብቢው።

መጀመሪያ አንድ ነገር አጣሪ። ይህ ቡድን አይኢፒው ላይ የተጻፈ አገልግሎት ነው ወይስ ካውንስለሯ ለብቻው የጀመረችው? ሁለቱ አንድ አይደሉም። ካውንስሊንግ በፌደራሉ ሕግ ከልዩ ትምህርት ጋር ሊሰጡ ከሚችሉት አገልግሎቶች አንዱ ነው፣ ልክ እንደ አውቶቡሱ። አይኢፒው ላይ ከገባ በሳምንት ስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ ማን እንደሚሰጠው ይጻፋል፤ ትምህርት ቤቱም ሰው የለኝም፣ ጊዜ የለኝም ማለት አይችልም። የምሳ ሰዓት ቡድን ግን አብዛኛውን ጊዜ በውዴታ ነው። ከፈረምሽ ይገባል፣ ካልፈረምሽ ይቀራል። ባትፈርሚ አይኢፒው ላይ ካለው ምንም አይቀነስበትም። ገብቶ ካልተስማማውም ይወጣል።

ይህን ሕግ ማንም በችሮታ አልሰጠንም። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1975 እስኪወጣ ድረስ ብዙ ትምህርት ቤት እንዲህ ያሉ ልጆችን አልቀበልም ብሎ ይመልስ ነበር። ወላጆች ናቸው ፍርድ ቤት የሄዱት፤ አንዱ ትልቅ ክስ እዚሁ ዲሲ በ1972 የተፈረደው ነው። ስለዚህ ስብሰባ ላይ ስትቀመጪ እንደ እንግዳ አትቀመጪ፣ ከወሳኞቹ አንዷ ነሽ። አይኢፒው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይታያል። ዓመቱ እስኪደርስ መጠበቅ ግን የለብሽም፣ ስብሰባ ይጠራልኝ ብለሽ በኢሜይል ጠይቂ። በቃል አትጠይቂ፣ በቃል የተባለ ይረሳል። አስተርጓሚ በነፃ ያመጣሉ። ልጅሽን ግን እንዳታስተረጉሚው፣ ስለ ራሱ ድካም በራሱ አፍ ሲያስተረጉም ያየሁት ልጅ አለ፣ እስከዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ ስብሰባው ላይ የሚያቀርቡትን ወረቀት ቢያንስ ከ5 የሥራ ቀን በፊት ሊሰጡሽ ይገባል።

ገመና ስላልሽው። ልጁ ይጎዳል ብላ ከጠረጠረች ካውንስለሯ ለመንግሥት የማሳወቅ ግዴታ አለባት። ግን ግዴታው የእኔም ነው፣ የሒሳብ አስተማሪውም ነው። ቡድን ውስጥ ገባ አልገባ በዚህ ለውጥ የለውም። አባቴ ይጮህብኛል ስላለ ብቻ ልጅ ከቤቱ ሲወሰድ በ11 ዓመት አላየሁም። ልጆቹ እዚህ የተወራ እዚህ ይቀራል ብለው ቃል ይገባሉ፤ ግን ልጆች ናቸው፣ ጥሩ ካውንስለር ይህን አስቀድማ ለወላጅ ትናገራለች። ጠይቂያት።

ሾፌሩ፦

እኔ ያችን ትንሽ አውቶቡስ ነው የምነዳው፣ በሌላ ካውንቲ። ስለ ጥጉ ልንገርሽ እህቴ። ሾፌሩን አትቀየሚው። የሚወርድበት ቦታ ወረቀታችን ላይ ተጽፎ ነው የሚሰጠን፣ ልጅ ስለለመነን ሌላ ቦታ ማውረድ አንችልም። አንዳንዱን ልጅ የሚቀበለው ሰው ቆሞ ካላየን በሩን አንከፍትም። ቦታው ይቀየርልኝ ብለሽ ግን በትምህርት ቤቱ በኩል መጠየቅ ትችያለሽ።

ሌላ የማየው ነገር አለ። ከመስታወቴ ውስጥ። ወደ ሰፈራቸው ስንታጠፍ ኮፍያቸውን ጎትተው ፊታቸውን የሚሸፍኑ አሉ። ወሬ የለም፣ እያንዳንዱ በየመስኮቱ ነው። አምና ሁለት ወንዶች ነበሩኝ፣ ከመስከረም እስከ ገና ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ከዚያ እንዲህ ያለ ቡድን ተጀመረ መሰለኝ፣ አንድ ቀን አንደኛው "ማክሰኞ ትመጣለህ አይደል?" ሲለው ሰማሁ። ፍሬን ይዤ ዞር ብዬ አየኋቸው። ሰኔ ላይ የአንደኛው እናት በር ላይ ቆማ ልጄ ጓደኛ አገኘ ብላ ነገረችኝ።

ከነታንያ፦

ይቅርታ፣ እኔ በዚህ አልስማማም። የምኖረው እስራኤል ነው። እኛ ዘንድ የኢትዮጵያ ልጆች ከቁጥራቸው በላይ ወደ ልዩ ትምህርት ይላኩ እንደነበር ስንት ዓመት የተጮኸበት ነገር ነው። ልጁ ቤት አማርኛ እየሰማ አድጎ ፈተናውን በዕብራይስጥ ይሰጡታል፣ ሲያቅተው ችግሩ ከጭንቅላቱ ነው ይባላል። እኔም ትልቋን ልጄን እንዲህ ነው የፈረምኩባት። ጥሩ ነገር ነው፣ ትንሽ ቡድን ነው፣ ይጠቅማታል አሉኝ። ወረቀቱን ማንበብ አልቻልኩም፣ ማፈር አልፈለግኩም፣ ፈረምኩ። ከዚያ ክፍል ለማውጣት አራት ዓመት ፈጀብኝ። እህቴ፣ ፈገግ ብለው የሚሰጡሽን ወረቀት ሁሉ አትፈርሚ።

ረዳት መምህርት፦

የኔ እህት፣ የደረሰብሽ ያሳዝናል፣ ግን የሌላ ሀገር ነገር አምጥተን እሷን ባናስፈራራት። ይህ ክፍል መቀየር አይደለም። የምሳ ሰዓት ነው፣ 8 ሳምንት ነው።

ከነታንያ፦

አላስፈራራኋትም። አሜሪካ ይህ የለም ልትዪኝ ነው? የጥቁር ልጆችን ጉዳይ እኛም እዚህ ሆነን እንሰማለን።

ረዳት መምህርት፦

አለ፣ አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2004 የታደሰው የልዩ ትምህርት ሕግ ራሱ ስቴቶች በዘር ለይተው ቁጥሩን እንዲያጣሩ ያዛል፣ ችግሩ ባይኖር አይጻፍም ነበር። ግን የእሷ ልጅ አይኢፒ ካገኘ አራት ዓመቱ ነው። አሁን ጥያቄው ምሳውን ብቻውን ይብላ ወይስ ከሰው ጋር ነው።

እዚሁ ያደግኩት፦

ጤና ይስጥልኝ። አማርኛ ስጽፍ ብሳሳት ይቅርታ። እኔ በ9 ዓመቴ ነው የመጣሁት፣ አሁን 24 ዓመቴ ነው። ሰባተኛ ክፍል ሆኜ እንደዚህ ያለ ቡድን ውስጥ ነበርኩ። እናቴም እንደ እርስዎ ፈርታ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ማንም አልተናገረም። ስድስት ልጆች ነበርን። ካውንስለሯ ትንሽ የስፖንጅ ኳስ ይዛ መጣች፤ ኳሱን የያዘ ይናገራል፣ መናገር ካልፈለገ ለሌላው ይወረውራል። ሁላችንም ዝም ብለን ስንወረውር ሰዓቱ አለቀ። እሷ አልተቆጣችም። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ልጅ ኳሱን ይዞ ቀረ፣ አልወረወረም። ጮክ ብለህ አንብብ ሲሉኝ ሽንት ቤት እሄዳለሁ አለ። እኔም እንደዛ ነበር የማደርገው! በዓለም ላይ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ካውንስለሯ አስተማሪን እንዴት እንደምንጠይቅ አለማመደችን። "አይኢፒዬ ላይ ተጨማሪ ጊዜ አለኝ፣ እባክዎ" የሚለውን ደጋግመን አልን፣ እሷ ክፉ አስተማሪ እየሆነች። ኮሌጅ ስገባ ያንኑ ነው ያልኩት። ኮሌጅ ውስጥ አይኢፒ የለም፣ ራስሽ ሄደሽ ካልጠየቅሽ ማንም አይሰጥሽም።

አንድ ነገር ግን ይጠይቁልኝ። ቡድኑ ውስጥ የሚገቡት ስፔሻል ኢዱኬሽን ያሉት ብቻ ናቸው? የኛ ድብልቅ ነበር፣ ግማሹ አይኢፒ የሌለው፣ አዲስ የመጣ ወይም ዓይን አፋር የሆነ ልጅ። ለዚህ ነው ማንም ስም ያላወጣልን። በሩ ላይም "የምሳ ክበብ" ነበር የሚለው። ድብልቅ ካልሆነ እንዲሆን ይጠይቁ፣ ስሙንም ይጠይቁ። እሱንም ይጠይቁት እባክዎ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም ነበር።

የደሴ ልጅ፦

ያቺን የኳስ ነገር ሳነብ አለቀስኩ። የወንድሜ ልጅ ደሴ ነው ያለው፣ ዳውን ሲንድሮም አለበት፣ 13 ሊሞላው ነው። ትምህርት ቤት አንድ ቀን አልገባም። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ያስገቡታል። እኔ በየወሩ 150 ዶላር እልካለሁ፣ ለእሱ ብዬ ነው የምልከው፣ ለአስጠኚ፣ ለጫማ። ባለፈው ቪዲዮ ስደውል ከኋላ ሲያልፍ አየሁት፣ ባዶ እግሩን። ወንድሜን ምን ብዬ ልቆጣው? ከዚያው ብር ላይ ለእናታችን መድኃኒት ይገዛል፣ የቤት ኪራይ ይከፍላል። ሥራ ቦታ ሻወር ውስጥ የማጥባቸው አዛውንቶች እንኳ ቀን የሚውሉበት ማዕከል አላቸው። የኛ ልጅ ጓዳ ነው። እህቴ ያንቺ ልጅ የሚጠራው ሰው አለ፣ ስሙ ተጽፎ ወረቀት ተልኮለታል። ፈርሚ።

የአሌክሳንድሪያው ጋሼ፦

ልጆቼ፣ ሁላችሁም ደኅና ተናግራችኋል። እኔ ግን በዕድሜዬ ያየሁትን ልናገር። ይህ ልጅ ሕመም የለበትም። የሚያዋየው ዘመድ ነው ያጣው። እዚህ አሜሪካ አባት ማታ ይነዳል፣ እናት ቀን ትሠራለች፣ ልጁ ከስልክ ጋር ይውላል። እኛ ስናድግ አያት ነበረች፣ አጎት ነበረ፣ ጎረቤት ነበር። ልጅ የሚያናግረው ሰው አይጠፋም ነበር። ክረምቱን አዲስ አበባ ላኪው። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ፀበል ይጠመቅ፣ ከአያቱ ጋር ይክረም። ለፈረንጅ ሆዱን ከፍቶ ከሚያወራ ይሻላል።

የደሴ ልጅ፦

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርስዎን መቃወም አይገባኝም። ግን አያት ያለበት ቤት ነው ልጁን ጓዳ ያስገባው። ጎረቤቱ ነው ያስፈራው። የፈጣሪን ነገር አልነካም፣ እኔም ፀበል እጠመቃለሁ፤ ግን ፀበል ፊደል አያስቆጥርም።

የአሌክሳንድሪያው ጋሼ፦

ልጄ፣ የሁሉን ቤት በአንድ ቤት አትፍረጂ። ስንቱ ነው ተጠምቆ የተሻለው።

ሾፌሩ፦

ጋሼ እውነት አላቸው፣ ብቸኝነት አለ። ግን ክረምት ሁለት ወር ነው። መስከረም ላይ ተመልሶ ያችው አውቶቡስ ላይ ነው።

ረዳት መምህርት፦

አዲስ አበባም ቢሆን እኮ ዝም ብሎ የተቀመጠ የለም። እ.ኤ.አ. በ2002 ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት የገዛ ልጃቸውን ትምህርት ቤቶች አልቀበል ስላሏቸው ነው። በቴሌቪዥን ቀርበው ልጄ ኦቲዝም አለበት ሲሉ ስንት እናት ልጇን ከጓዳ አወጣች። ሀገር ቤት ያሉ እናቶች ይህን ያህል ሲታገሉ እኛ እዚህ የተዘረጋውን እንፈራለን።

ከነታንያ፦

እንፈራለን፣ ምክንያቱም የተዘረጋው ለእኛ አልነበረም። ልጆቻችንን ከሌላው ለይተው ሲያስቀምጡ አይተናል። ጋሼ ትክክል ናቸው፣ የራስ ወገን ይሻላል። ለምን ሐበሾች ራሳችን እንዲህ ያለ ቡድን አንጀምርም? ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ አለ፣ መስጊድም አለ።

ረዳት መምህርት፦

እኔ ሞክሬዋለሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ። አሥራ አንድ እናቶች ስልክ ደውለውልኛል፣ በድብቅ። ልጁን ይዛ የመጣችው አንዷ ብቻ ናት። ሌሎቹ ማን ያየኛል ብለው ቀሩ። ትምህርት ቤት ውስጥ ቢያንስ የሚያማን የለም።

የአሌክሳንድሪያው ጋሼ፦

ያ የእኛ ጥፋት ነው እንጂ የልጆቹ አይደለም። አዳራሹን እኔ አስፈቅዳለሁ። ግን የሚመራው በአማርኛ የሚያናግራቸው ሰው ይሁን።

እዚሁ ያደግኩት፦

ጋሼ፣ ልጆቹ ስለ ትምህርት ቤት የሚጨነቁት በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ብቻ ከሆነ የመጀመሪያውን ቀን ዝምታ ታገኛላችሁ፣ እንደኛ። ኳሱን ብቻ ይወረውራሉ።

የአሌክሳንድሪያው ጋሼ፦

ታዲያ አማርኛውን የት ሊማሩት ነው? እዚሁ ላይ ነው ሁልጊዜ የምንሸነፈው።

ከነታንያ፦

ልክ ነው ጋሼ። እኔ ልጄን በዕብራይስጥ ብቻ አናግሪያት ተብዬ ሰምቻለሁ፣ ዛሬ ከእናቴ ጋር አትግባባም። ቋንቋዋን የወሰደባት ማን ነው?

ረዳት መምህርት፦

ሁለት ቋንቋ ልጅን ግራ አያጋባም፣ ያንን ያለሽ ሰው ተሳስቷል። ይህን ለብቻው እንጻፍበት፣ ብዙ ወላጅ እስከዛሬ ይታለልበታል።

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለካውንስለሯ ጽፌላት ረቡዕ ጠዋት ቀጠረችኝ፣ በስልክ አስተርጓሚ አለ ብላለች። ድብልቅ ነው ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር፣ እሱን አልመለሰችልኝም። ልጁን ትናንት ጠየቅኩት። ትከሻውን ነቅንቆ "ማን ማን አለ?" አለኝ። ስም አላውቅም አልኩት። "እንግዲያው ካወቅሽ ንገሪኝ" ብሎ ክፍሉ ገባ። አባቱ እስካሁን ስለዚህ አላነሳም፣ ወረቀቱን ግን ከጠረጴዛው አንስቶ ፍሪጁ ላይ ለጥፎታል። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

የአሌክሳንድሪያው ጋሼ፦

ስለ አዳራሹ ነገ እደውላለሁ። ስለ አማርኛው ግን ሐሳቤን አልቀየርኩም።